ቀበሌ የማያውቃቸው ሠላሳ አንድ ሰዎች

ደሪቱ ጀቤሳን የጠላኋት ክፉ ሰው ስለሆነች አይደለም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ይቀልለኝ ነበር። የጠላኋት ሰው ሁሉ ስለሚወዳት ነው። ይህን ከአፌ ለማውጣት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ዛሬ ግን ዕድሜዬም ገፍቷል፣ የሚታዘበኝ ባልም የለኝም፣ እንደወረደ እናገረዋለሁ።

ነገሩ የሆነው በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። ያኔ «ቅን እጆች» በሚባል የሕክምና ርዳታ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ድርጅቱ ከውጭ አገር በሚላክለት ገንዘብ የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞችን ያሳክማል። ቢሮአችን ሩዋንዳ አካባቢ ከተወረሱት ቪላዎች በአንዱ ውስጥ ነበር፤ ክሊኒኩ ደግሞ መገናኛ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው ጀርባ ያለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት። ከንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በዲፕሎማ ተመርቄ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሒሳብ ስሠራ አንዲት ሳንቲም ጎድላብኝ አታውቅም። ይህን ያወቀልኝ ሰው ግን አልነበረም። የሒሳብ ሠራተኛ ለሰው ትዝ የሚለው ገንዘብ ሲጎድል ብቻ ነው።

ደሪቱ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ሠልጥና ድሬሰር የሆነች ልጅ ነበረች፤ ቁስል ታጥባለች፣ መርፌ ትወጋለች፣ ክኒን ታድላለች። ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ቤተሰቦቿ የቦሌ ገበሬዎች ናቸው። አንድ ቀን ለደመወዝ ቢሮዬ መጥታ ወለሉን ስታይ ቆየችና፣ «እትዬ ተናኜ፣ የእርስዎ ጠረጴዛ ያለበት ቦታ እኮ የአባባ አውድማ ነበር» ብላ ሳቀች። ሌላ ሰው ቢሆን እያለቀሰ ነበር የሚናገረው። እኔን ግን መሳቋ እንኳ አናደደኝ።

የነቀርሳ መድኃኒት በዚያን ጊዜ ከዓመት በላይ ይወሰዳል። በሽተኛው ሁለት ሦስት ወር ከዋጠ በኋላ ሳሉ ሲተወው ዳንኩ ብሎ ይቀራል፤ ከቀረ ደግሞ በሽታው ብሶበት ይመለሳል፣ ያን ጊዜ መድኃኒቱም እሺ አይለውም። ስለዚህ ድርጅቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚመጣ በሽተኛ ሁሉ ሁለት ብር መሳፈሪያና አንድ ጠርሙስ ዘይት ይሰጣል። አብዛኞቹ መጻፍ አይችሉም። ደሪቱ ስማቸውን መክፈያ ቅጹ ላይ ትጽፋለች፣ እነሱ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ከስማቸው ጎን ያሳርፋሉ፣ እኔ ከሣጥኔ ብሩን አውጥቼ እሰጣለሁ። ሰኞ ቅጹን አመሳክሬ «ተመርምሮ የጸደቀ» ብዬ እፈርማለሁ።

ብሩን የምሰጣቸው እኔ፣ የሚመርቁት እሷን! ከእጄ ይቀበሉና ወደ እሷ ዞረው፣ «እግዜር ያክብርሽ ደሪቱዬ፣ ወልደሽ ሳሚ» ይላሉ። አንዲት አሮጊት ሁለት ዓመት ሙሉ ከእጄ ሲቀበሉ ኖረው አንድ ቀን ትኩር ብለው አዩኝና ደሪቱን፣ «ይቺ ደግሞ ማናት?» አሏት።

«እትዬ ተናኜ ናቸው፣ የገንዘቡ ኃላፊ። እሳቸው ባይኖሩ ዘይትም የለም» አለቻቸው።

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁና መልሰው እሷኑ መረቁ።

በዚያው ሰሞን ገንዘብ የሚልኩልን ፈረንጆች መጥተው ፎቶግራፍ አንስተው ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ መጽሔታቸው ላይ ወጣ። ደሪቱ የአንዲት በሽተኛ ትከሻ አቅፋ ትስቃለች። የድርጅቱ ኃላፊ ዶክተር ቢተው ገጹን አስቆርጠው፣ በመስታወት አስገብተው፣ ልክ ከቢሮዬ በር ፊት ለፊት ሰቀሉት። ሌላ ግድግዳ የጠፋ ይመስል! በፎቶው ጥግ ላይ አንድ ክንድ ይታያል፤ የገንዘብ ሣጥን የያዘ ክንድ። የእኔ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ከመላው እኔነቴ መጽሔት ላይ የወጣው እስከ ክርኔ ያለው ነው። ከቢሮ በወጣሁ ቁጥር ያንን ክንድ አያለሁ፣ ደሜም ይፈላል።

አሁን ስለ ስሞቹ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በእነሱ ነውና።

ፈለቀች የምትባል አጣቢ ነበረች። በየቦሌው ቪላ እየዞረች ልብስ ታጥባለች፤ የምትኖረው ሃያ ሁለት አካባቢ በአንድ ቤተሰብ ቤት በደባልነት ነው። መጀመሪያ የመጣች ቀን ደሪቱ ስሟን ስትጠይቃት ኋላዋ የተሰለፉትን ዞራ አየች። ነቀርሳ እንደያዛት ከተሰማ ማን ቤት ያኖራታል? ማንስ ልብሱን ይሰጣታል? ሕብረት ሱቅ ስትሰለፍ እንኳ ከኋላዋ የሚቆም አይኖርም። ቆየችና ወደ ደሪቱ ጆሮ ጎንበስ ብላ፣ «ወለተ ሥላሴ በይኝ» አለቻት።

የክርስትና ስሟን ነው የሰጠቻት። ቀበሌ የማያውቀውን፣ መታወቂያ ላይ የሌለውን፣ ካህን ሲያጠምቃት ያወጣላትን ስም። ከኋላዋ የነበሩት ሰምተው አንድ በአንድ እንደሷ አደረጉ፤ ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሚካኤል፣ ኃይለ ጊዮርጊስ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አገሬው ያውቀዋል። የክርስትና ስም ለነፍስ አባት እንጂ ለመንገደኛ አይነገርም፤ ክፉ ሰው እጅ ከገባ ይደገምበታል ይባላል። እኔ የባሌን የክርስትና ስም የሰማሁት በፍትሐቱ ላይ ቄሱ ሲጠሩት ነው፤ ያውም አሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖረን። ለዚህች የስምንተኛ ክፍል ልጅ ግን ሠላሳ አንድ ሰው ተሰልፎ በጆሮዋ ሹክ አላት። ያን ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ብሩን ስቆጥር ሁለት ጊዜ ተሳስቼ እንደገና ጀመርኩ። ቀናሁ። ሌላ ስም የለውም።

ሰኞ ቢሮዬ መጣች። «እትዬ ተናኜ፣ የቀበሌ ስማቸውን አንሰጥም አሉኝ። ከጠየቅኳቸው አይመለሱም። ምን ላድርግ?» አለች።

«በክርስትና ስማቸው ጻፊ» አልኳት። «ለሒሳብ ጣቱ ይበቃል። ጣት አይዋሽም።»

ልብ በሉ፣ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ለጥንቃቄም ቀስ በቀስ እያባበለች ትክክለኛ ስማቸውንና አድራሻቸውን ለብቻው እንድትጽፍ፣ በፖስታ አሽጋ እንድታመጣልኝ ነገርኳት። በሁለት ወር አመጣችው። «ማንም አያየውም ብዬ በማርያም ምዬላቸዋለሁ» አለች። «እርስዎ ካዝና ውስጥ ካለ ደግሞ ሐሳብ የለኝም።» ፖስታውን ካዝናዬ ውስጥ ከማኅተሙ ሥር አስቀመጥኩት።

በመጋቢት ኦዲተር መጣ። ገንዘቡን የሚልኩት ሰዎች እያንዳንዱ ብር የት እንደደረሰ ማየት ፈልገው ነው የቀጠሩት። ኢሳ ይባላል፤ ገና ወጣት፣ መነጽር ያደረገ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። ለነገሩ እኔ ኦዲት እወዳለሁ። በዓመት አንድ ጊዜ መዝገቤን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቦ «ጥሩ ነው» የሚለኝ ኦዲተር ብቻ ነው። ይኸኛው ግን በመዝገብ አላበቃም። የስድሳ አራቱን በሽተኞች ስም ይዞ በየቀበሌው ዞረ። ሠላሳ ሦስቱ ተገኙ። ከተገኙት ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ የክርስትና ስም ስለሌላቸው የሚሸሸጉበት አጥተው። ሠላሳ አንዱን ቀበሌ አያውቃቸውም።

ሐሙስ ዕለት ዶክተር ቢተው ቢሮ ተሰበሰብን። እሳቸው፣ ኢሳ፣ ደሪቱና እኔ።

ኢሳ ወረቀቱን ዘረጋ። «ሰባት ወለተ ማርያም፣ አምስት ገብረ ሚካኤል» አለ። «የአባት ስም የላቸውም። አድራሻ የላቸውም። በዓመት ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሃያ አራት ብር ወስደዋል። ዘይቱን ሳልቆጥር ነው።»

ደሪቱ የክርስትና ስማቸው መሆኑን፣ ለምን እንደሰጧት፣ እንደማለችላቸውም አስረዳች። ስለ ፖስታው ግን አንድ ቃል አላነሳችም።

«እኔ ላምንሽ እፈልጋለሁ» አላት ኢሳ። «ግን ገንዘቡን ለላኩት ሰዎች እምነት ጽፌ መላክ አልችልም። ሰዎቹ መኖራቸውን በምን ላረጋግጥ?»

«ቅዳሜ ይምጡ» አለችው። «ሲመጡ ጣታቸውን ያስነኳቸውና መዝገቡ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩት። ሠላሳ አንድ ጣት ያገኛሉ። ስም አያስፈልግዎትም።»

ኢሳ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሐሳቡ እንደገባው ፊቱ ላይ ይታያል። ወደ እኔ ዞረ። «ወይዘሮ ተናኜ፣ የሒሳቡ ኃላፊ እርስዎ ነዎት። በአሠራራችሁ ስሙ ባይረጋገጥ ጣቱ ብቻውን ይበቃል?»

የሚጠበቅብኝ አንድ ቃል ነበር። ይበቃል። እንዲያውም፣ እኔ ነኝ የፈቀድኩላት፣ ዝርዝሩም እኔ ዘንድ ታሽጎ አለ ብል ጉዳዩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን ቀና ስል ዶክተር ቢተው ደሪቱን ሲያዩዋት አየሁ። እንደ አባት ተጨንቀው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እኔን አንድ ቀን እንዲህ ያየኝ አለቃ የለም። ዋናው ሰው እኔ የሆንኩበት አንዲት ደቂቃ አገኘሁ፣ ያቺኑ ደቂቃ ምን እንዳደረግኩባት ተመልከቱ።

«አይበቃም» አልኩ። «ስሙ ያልታወቀ ጣት የማንም ጣት ነው።»

ደሪቱ ዞር ብላ አየችኝ። ቀጥዬ አንድ ነገር የምል መስሏት ጠበቀች። አልቀጠልኩም። እሷም «እርስዎ አይደሉ እንዴ የፈቀዱልኝ?» አላለችም። ታላቅን ሰው ፊት አታሳጪ ተብላ ያደገች ልጅ ናት። ዶክተር ቢተው ግንባራቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ኢሳ እርሳሱን መልሶ አነሳ።

ኮሪደር ላይ፣ ከዚያ ፎቶ ሥር፣ ጠበቀችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ክንዴን ይዛ በሹክሹክታ፣ «ገብቶኛል እትዬ» አለችኝ። «ቅዳሜ ጣት ይታይ ቢሉ ፖሊስም የቀበሌ ሰውም ይዘው ሊመጡባቸው ነበር። ሞኝነቴ! ስለ ፖስታውም ትንፍሽ ስላላሉ እግዜር ይስጥልኝ።»

ክፋቴን በደግነት ተረጎመችልኝ። ያን ጊዜ እንኳ አላዘንኩላትም። ለምን እንዲህ ጥሩ ትሆናለች ብዬ ነው የተናደድኩት።

ሰኞ ሁለት ፖሊሶች መጥተው ወሰዷት። በዚያ ዘመን የድርጅት ገንዘብ አጉድለሃል የተባለ ሰው መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ አልነበረም። ነጭ ጋውኗን አውልቃ አጠፈችና ከመድኃኒት ቁም ሣጥኑ ቁልፍ ጋር ለእኔ ሰጠችኝ። «ፈለቀች ዓመት ቢሞላትም ገና ስድስት ወር ይቀራታል። አሁን ከተወችው ትሞታለች። እንዳትቀር ይንገሩልኝ» አለች። እሺ አልኩ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ ብል ውሸት አይሆንም። ቤቴ ገብቼ ራቴን በደንብ በላሁ፣ ደህና እንቅልፍም ተኛሁ።

ቅዳሜ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ቅጹን እኔ ጻፍኩ፣ ጣታቸውን እኔ አስነካሁ፣ ክኒኑን እኔ ሰጠሁ፣ ብሩንም እኔው። አሁን እንግዲህ የምትመርቁት ማንን እንደሆነ አያለሁ ብዬ ነበር። እያንዳንዱ ሲቀበለኝ የሚጠይቀኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ደሪቱስ?» ታስራለች ስላቸው ተያዩ። ፈለቀች አጠገቤ ቆማ ከሁለቱ ብር አንዱን ለሰዓዲያ ሰጠቻት። ሰዓዲያ ከቀበሌ ከተገኙት አንዷ ናት፤ መቀነቷ ላይ ያሰረችውን ጨርቅ ፈትታ ከሌሎቹም ብር እየሰበሰበች ነበር።

«ምንድን ነው የምትሰበስቡት?» አልኩ።

«ስንቅ ልናቀብላት ነው» አለችኝ ሰዓዲያ። «በተራ ተመዳድበናል።»

የአውቶቡስ መሳፈሪያቸውን አዋጥተው በእግራቸው ሊሄዱ ነው። እኔ ብታሰር ማን ስንቅ ያቀብለኛል ብዬ አሰብኩ። አንድ ሰው ቆጥሬ አጣሁ። ያን ቀን ከመገናኛ ሃያ ሁለት እስካለው ቤቴ በእግሬ የተጓዝኩት እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ጥርሴን ነክሼ ነበር። እስር ቤት ውስጥ ሆና እንኳ ትበልጠኛለች።

ማክሰኞ ኢሳ ቢሮዬ መጣ። የዓመቱን መክፈያ ቅጾች ክምር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ወይዘሮ ተናኜ፣ አንድ ነገር አልገባኝም» አለኝ በዚያው ለስላሳ ድምፁ። «ስሙ ያልታወቀ ጣት አይበቃም ብለውኛል። እነዚህ ሁሉ ላይ ግን ‹ተመርምሮ የጸደቀ› ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ኀምሳ ሁለት ሳምንት። ሰዎቹ ከሌሉ እርስዎ ምን ሲያጸድቁ ኖሩ?»

 ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም ዝም ብዬ ያየሁት ሰውዬ አሁን እኔው ደጅ ደረሰ። ያን ጊዜም መንገድ ነበር። ቅዳሜ አራት ቀን ነው የቀረው፤ ዋሽቼሃለሁ፣ ጣቱ ይበቃል፣ መጥተህ አስተያይ ልለው እችል ነበር። ግን ለምን ዋሸሽ ይለኛል። ቅናት ነው ብዬ ነው የምመልስለት? ተነስቼ ካዝናዬን ከፈትኩና ፖስታውን አወጣሁ።

«ይኸው» አልኩት። «ማኅተሙ ሥር ተረስቶ ነው። ትክክለኛ ስማቸውም አድራሻቸውም አለበት።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ኢሳ ፖስታውን ቀዶ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ብዙ ጊዜ አየኝ። ዝርዝሩን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ጠዋት በየቤቱ ዞረ። እሱን አልወቅሰውም፤ የተቀጠረበትን ሥራ ነው የሠራው። በር አንኳኩቶ በአግባቡ ይጠይቃል፤ «ከነቀርሳ ክሊኒክ ሁለት ብር የምትቀበል ፈለቀች የምትባል ሴት እዚህ ትኖራለች?» በር የሚከፍተው ግን ሁልጊዜ ፈለቀች አይደለችም። የቤቱ ባለቤት ነው፣ ጎረቤት ነው፣ የቀበሌ ጥበቃ ነው። ሠላሳ አንዱም ተገኙ። በሕይወት አሉ፣ ጣታቸውም የራሳቸው ነው። ከድርጅቱ ገንዘብ አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም።

ዓርብ ከሰዓት ዶክተር ቢተው ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰቡ። ደሪቱ ዛሬ ትፈታለች አሉ፣ ሰው እልል አለ። ቀጥለው ወረቀት አወጡ። «ለወይዘሮ ተናኜ» ብለው አነበቡ። በጥንቃቄ አስቀምጠው በያዙት ሰነድ የድርጅታችንን ስም ከጥፋት፣ አንዲትን ንጹሕ ሠራተኛ ከእስር ስላዳኑ የምስጋና ደብዳቤ ተሰጥቷቸዋል፣ ግልባጩም ውጭ አገር ላሉት ደጋፊዎቻችን ተልኳል። ተጨበጨበልኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስመኘው የኖርኩት ጭብጨባ ነው። ደስ አለኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ደስ አለኝ። ደብዳቤውን ሌሊቱን ትራሴ ሥር አድርጌ ነው ያደርኩት።

በማግስቱ ቅዳሜ በማለዳ ክሊኒኩን ከፈትኩ። አግዳሚዎቹን አስተካክዬ፣ ቀለሙን አዘጋጅቼ፣ ብሩን ቆጥሬ ጠበቅኩ። ሠላሳ ሦስቱ እንደ ወትሮው መጡ። ከሠላሳ አንዱ እስከ አራት ሰዓት የመጡት አራት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ ክኒናቸውን ተቀብለው ብሩን ሳይጠይቁኝ ወጡ።

ደሪቱ ያን ጊዜ ገባች። ከስታለች፤ ከንፈሯ ደርቋል። ሰዉ ተነስቶ ከበባት። እነሱን ስማ ስትጨርስ ወደ እኔ መጥታ ጉንጬን ሳመችኝ።

«ዶክተር ነገሩኝ» አለች። «በእርስዎ ነው የወጣሽው አሉኝ። እኔ እኮ አውቄዋለሁ፣ እትዬ አንድ ነገር ያደርጋሉ እያልኩ ነው የሰነበትኩት። በምን አሳመኗቸው? በጣቱ ተስማሙ አይደል?»

የቆጠርኩትን ብር እንደገና መቁጠር ጀመርኩ። አግዳሚዎቹን አየች፤ ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ። ፈገግታዋ ወዲያው አልጠፋም። ትንሽ ቆይቶ ነው የጠፋው።

«ወለተ ሥላሴስ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

የመለሰችላት ሰዓዲያ ናት። «ፈለቀችን ሐሙስ ማታ ፍራሿን ደጅ አወጡባት። ሕፃናት ያሉበት ቤት ነው ብለው። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ያያል። ሌሎቹም አንመጣም ብለዋል። ደሪቱ ሸጠችን እያሉ ነው።»

ደሪቱ ወደ እኔ ዞረች። ጠየቀችኝ፤ በዓይኗ ብቻ።

«በፖስታው ነው» አልኳት። «ሌላ መንገድ አልነበረም።»

ይህም ውሸት ነበር። ውሸት መሆኑን ሁለታችንም አወቅን። እንደዚያ ቀን ኮሪደር ላይ በደግነት ትተረጉምልኛለች ብዬ ለአፍታ ጠበቅኩ። አልተረጎመችልኝም። እጇን ዘረጋች፣ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ሰጠኋት። ከፈተችና ክኒኑን በወረቀት በወረቀት እየቆጠረች ጠቀለለች። ሃያ ሰባት ጥቅል። እያንዳንዱን ስትጠቀልል በከንፈሯ ስም ትጠራለች፤ የክርስትና ስማቸውን ነው። ቅጽም መዝገብም አላየችም። ሁሉንም ቦርሳዋ ውስጥ ከታ በትከሻዋ አነገተች።

«ከየት ልትጀምሪ ነው?» አልኳት።

«ከፈለቀች። የካ ሚካኤል ጠበሉ ጋ ታድራለች ብላኛለች ሰዓዲያ። ከዚያ ወደ ኮተቤ፣ ከዚያ ሃያ ሁለት።»

በአንድ ቀን አይዳረስም። ከእስር የወጣች በማግስቱ ናት፤ ጫማዋም ያ የታሰረችበት ጫማ ነው። ብድግ አልኩ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ምናልባት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ነው ያልኩት።

«እኔም ልምጣ። ቦርሳውን እንኳ ልያዝልሽ። ይቅርታ ልጠይቃቸው።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እንደ ሁልጊዜዋ ከወገቧ ዝቅ ብላ፣ ለታላቅ እንደሚነገር አድርጋ ነው የመለሰችልኝ።

«ይቅር እትዬ ተናኜ። እርስዎን ካዩ በሩን አይከፍቱልኝም።»

ወጣች። ከአውቶቡስ ፌርማታው አልፋ ሽቅብ ወደ የካ ስትሄድ በበሩ አየኋት። እኔ ከብር ሣጥኔ ጋር ተቀመጥኩ፤ ስድሳ ሁለት ብር ከፋይ አጥቶ ሳይሆን ተቀባይ አጥቶ ፊቴ ተቆልሏል። አዝኛለሁ፣ አፍሬያለሁም። ግን እውነቱን እናገራለሁ ብዬአችሁ የለ? ከሁሉ በላይ የተሰማኝ፣ እነዚያ ሰዎች ሸጠችን ብለው እየረገሟት እንኳ፣ በሩን ስታንኳኳ ውሎ አድሮ እንደሚከፍቱላት ማወቄ ነው። በዚህም ቀናሁባት።